ከስንቁ በፊት ማራገቢያው

ቤተሰቧን አሳፍራ ከአዲስ አበባ ወደ አዋሽ ቆላ ለምትወርድ እናት ከስንቅ ዝግጅት የሚቀድም አንድ ሥራ አለ። ይኸውም የመኪናዋ ራዲያተር ማራገቢያ መሥራቱን ማረጋገጥ ነው። መኪና ሲጓዝ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን ያቀዘቅዘዋል፤ ሲቆም ግን ሥራው በማራገቢያው ላይ ይወድቃል። ስለዚህ የሙቀት መለኪያው ቀስት መኪናው ሲቆም ከፍ፣ ሲጓዝ ዝቅ የሚል ከሆነ በቅድሚያ የሚጠረጠረው ማራገቢያው ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። መኪናውን ሜዳ ላይ በእጅ ፍሬን አቁሞ፣ ኮፈኑን ከፍቶ፣ ሞተሩን አስነሥቶ የአየር ማቀዝቀዣውን መክፈት ነው። በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማራገቢያ በአብዛኞቹ መኪናዎች ወዲያው መዞር ይጀምራል። ማቀዝቀዣ የሌለው መኪና ከሆነ ሞተሩ በደንብ እስኪሞቅ መጠበቅ ያስፈልጋል። ቀስቱ ወደ ቀዩ ምልክት እየተጠጋ ማራገቢያው ካልዞረ ሞተሩን አጥፍቶ መካኒክ ማማከር ይገባል። ብልሽቱ አንዳንድ ጊዜ ከአንዲት የተቃጠለች ፊውዝ አያልፍም።

ማራገቢያው ሞተር ከጠፋም በኋላ በድንገት ሊነሣ ስለሚችል፣ ልጆችንም የነጠላንም ጫፍ ማራቅ ያሻል። የጋለ ራዲያተር ክዳን ከተከፈተ የፈላው ውሃ ተፈናጥሮ ፊትን ያቃጥላል። ሞተሩ እስኪበርድ ከልጆች ጋር ጥላ ሥር መቆየት መንገድን ያዘገያል እንጂ ጠባሳ አይተውም።