የእነሱ ዘረፋ፣ የእኛ ሽንሸና

እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2025 ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ ውስጥ ቡና ይዘን የቴክሳስ ወሬ ተነሣ። ትራምፕ የግዛቲቱ የምርጫ ክልል ካርታ እንደገና ተሸንሽኖ ለፓርቲያቸው አምስት ተጨማሪ የኮንግረስ ወንበር እንዲገኝ ፈልገዋል፤ የቴክሳስ ምክር ቤት ዴሞክራቶች ምልዓተ ጉባኤ እንዳይሞላ ወደ ኢሊኖይ ሸሽተዋል። ጀርመንታውን የሚኖሩ አንድ የታክሲ ሾፌር «በጠራራ ፀሐይ ዘረፋ!» አሉ። «የእርስዎ ሰፈር ካርታስ?» አልኳቸው። «እሱ ሌላ ነው። እኛ የወሰድነው አንዲት ወንበር!»

ያቺ ወንበር ከአእምሮዬ አልወጣችም። ከ2010 የሕዝብ ቆጠራ በኋላ የሜሪላንድ ስድስተኛ የምርጫ ክልል መቀነስ የነበረበት 10,000 ያህል ነዋሪ ነው። ዴሞክራቶቹ ግን 360,000 ያህል ነዋሪ አውጥተው 350,000 ያህል አስገቡ፤ የምዕራቡን ተራራማ ገጠር ከዋሽንግተን ዳርቻ ጋር አጋመዱት። ሪፐብሊካኑ ሮስኮ ባርትሌት ሃያ ዓመት የያዙትን ወንበር በ2012 አጡ። የወቅቱ አገረ ገዥ ማርቲን ኦማሌይ ዓላማው ይኸው እንደነበር በኋላ በመሐላ ቃላቸው አምነዋል። የምዕራቡን ገበሬ ከቴክሳስ ጋር ምን አገናኘው? አንድ የግዛቲቱ ባለሥልጣን ስለ ቴክሳስ ብዙ አጫወቱኝ፤ ስለ ስድስተኛው ስጠይቅ ስብሰባ ነበረባቸው።

ነገሩ የቆየ ነው። በ1812 የማሳቹሴትሱ ገዥ ኤልብሪጅ ጌሪ ለፓርቲያቸው ያደላ ካርታ ፈረሙ፤ ተቃዋሚዎቻቸውም ከክልሎቹ አንዱን ክንፍና ጥፍር ያለው አውሬ አድርገው በጋዜጣ ሣሉት። ጌሪ በዚያው ዓመት ተሸነፉ፤ የግዛቲቱ ሴኔት ግን፣ ፓርቲያቸው ያገኘው ድምፅ ያነሰ ሆኖ ሳለ፣ 29 ለ 11 የእነሱ ሆነ። በዓመቱ ጌሪ የአገሪቱ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆኑ።

በሰሜን ካሮላይና ደግሞ ሪፐብሊካኑ ዴቪድ ሌዊስ በ2016 ካርታውን 10 ለ 3 ያደረጉት 11 ለ 2 የሚቻል ስላልመሰላቸው እንደሆነ በአደባባይ ተናገሩ። የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የሰሜን ካሮላይናንና የሜሪላንድን መዝገብ አጣምሮ በ2019 በ5 ለ 4 ድምፅ «የፌዴራል ፍርድ ቤት ጉዳይ አይደለም» ሲል ዘጋው። በ2021 ሽንሸናውን በመላ አገሪቱ የሚከለክለው ረቂቅ ሲቀርብ ከተወካዮች ምክር ቤት ሪፐብሊካኖች አንድም አልደገፈውም።

ሾፌሩ ኋላ ላይ ይህንን ይዘው ሞገቱኝ። «ሌባ ሰፈር ገብቶ አንተ ብቻ በርህን ከፍተህ ታድራለህ? ካሊፎርኒያ ደግ አደረገች!» የካሊፎርኒያ መራጮች በኅዳር 2025 የገለልተኛውን ኮሚሽን ካርታ እስከ 2030 ወደ ጎን አድርገዋል። የሾፌሩ ክርክር ክብደት አለው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ድምፁ አስቀድሞ የተቆጠረበት መራጭ ነው።

በጥቅምት የሜሪላንድ ሴኔት ፕሬዚዳንት፣ ዴሞክራቱ ቢል ፈርጉሰን፣ የቀረችውን አንዲት የሪፐብሊካን ወንበር ለመውሰድ የታሰበውን ሽንሸና ተቃወሙ። ሾፌሩ «ፈሪ» አሏቸው። በታኅሣሥ የኢንዲያና ግዛት 21 ሪፐብሊካን ሴናተሮች የትራምፕን ግፊት ተቋቁመው የራሳቸውን ፓርቲ ካርታ ጣሉ። እነሱንም ፈሪ ያሏቸው አሉ። እኔ ግን ሁለቱንም አከብራለሁ።