የአቅመ ደካማው መዋጮ ሲቋረጥ ሆስፒታሉ ምን ይሆናል?

የመኸር ምርት ተሰብስቦ ጎተራ ከገባ በኋላ በየቀበሌው የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን ምዝገባና እድሳት ይካሄዳል። መክፈል የሚችለው ቤተሰብ ዓመታዊ መዋጮውን ይከፍላል፤ የማይችለው ደግሞ በቀበሌው ተለይቶ መዋጮው በክልሉና በወረዳው መንግሥት ይሸፈንለታል። በጀት ሲጠብ ይህን ድጎማ መቀነስ ቀላል መፍትሔ ይመስላል። ይሁን እንጂ ከወረዳው ትከሻ የወረደው ሸክም ዞሮ የሚያርፈው ሆስፒታሉ ላይ ነው።

መድኑ በ2003 ዓ.ም በአማራ፣ በኦሮሚያ፣ በትግራይ እና በቀድሞው ደቡብ ክልሎች በሚገኙ 13 ወረዳዎች በሙከራ ተጀመረ። በአማራ ክልል ፎገራ፣ ደቡብ አቸፈር እና ተሁለደሬ ቀዳሚዎቹ ነበሩ። ከዚያ በፊት አቅመ ደካሞች የነጻ ሕክምና ወረቀት ይዘው ይታከሙ ነበር። ወረቀቱ ታካሚውን ቢያስገባም ሆስፒታሉ የሰጠው አገልግሎት ዋጋ ሳይተካለት የሚቀርበት ጊዜ ነበር። መድኑ ይህን ክፍተት ለመድፈን አግዟል፤ ለእያንዳንዱ አባል ሕክምና ከፋይ አለውና።

የመንግሥት ሆስፒታል የሠራተኞቹን ደመወዝ ከመንግሥት በጀት ይከፍላል። መድኃኒት፣ የላቦራቶሪ ግብዓትና ሌሎች የአገልግሎት ወጪዎችን ለመሸፈን ግን የውስጥ ገቢውም ወሳኝ ነው። የመድን አባላት ሲታከሙ ተቋሙ ወጪውን መዝግቦ ለመድኑ ያቀርባል፤ ሂሳቡ ተመርምሮ ይከፈለዋል። በተከፈለው ገንዘብም ያለቀውን መድኃኒት መልሶ ይገዛል።

የአቅመ ደካሞች ሽፋን ሲቀነስ ይህ ዑደት ይሰበራል። በሽታው ግን አብሮ አይቀነስም። ካርዱን ያጣ ታካሚ ገንዘብ በመፍራት ቤቱ ይቆያል። በጤና ጣቢያ በጥቂት መድኃኒት ሊድን የሚችል የሳንባ ምች ሲጠና ታካሚው በቃሬዛ ሆስፒታል ይደርሳል። ያን ጊዜ ኦክስጅንና አልጋ ያስፈልገዋል። በሞት አፋፍ ያለን ሰው ገንዘብ የለህም ብሎ መመለስ ስለማይቻል ሆስፒታሉ ያክመዋል። ሂሳቡን ግን የሚከፍል የለም።

እንዲህ ያለው ያልተከፈለ ሂሳብ ሲጠራቀም የመድኃኒት መደርደሪያው ይሳሳል። መዋጮውን በወቅቱ የከፈለ አርሶ አደርም የሐኪም ማዘዣ ይዞ ወደ ግል መድኃኒት ቤት ይላካል። ሁለት ጊዜ የከፈለ አባል በቀጣዩ ዓመት አባልነቱን ለማደስ ያመነታል። አባላት በቀነሱ ቁጥር የመድኑ ቋት ይደርቃል፤ ቋቱ በደረቀ ቁጥርም ሆስፒታሉ ይበልጥ ይዳከማል። ጉዳቱ ከገጠሩ ቀበሌ አልፎ በዚያው ሆስፒታል የሚታከመውን የከተማ ነዋሪ ይነካል።

“ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ” የሚለው የአበው ብሂል የመድኑን ባሕርይ ይገልጻል። ከተሸካሚዎቹ መካከል አንዱ ሲጎድል የእርሱ ድርሻ በቀሩት ላይ ይጨመራል።

ስለዚህ የድጎማ ተጠቃሚዎች ዝርዝር በቀበሌ ስብሰባ ሲቀርብ የሁሉንም ነዋሪ ትኩረት ይሻል። መክፈል የሚችል ተካቶ፣ የማይችል ተዘንግቶ ከሆነ የሚታረመው በዚያ መድረክ ነው። መክፈል የሚችሉ አባላት በወቅቱ ማደሳቸው፣ ሕክምናን ከጤና ጣቢያ ጀምረው በሪፈር ወደ ሆስፒታል መሄዳቸውም ቋቱን ይጠብቃል። ወረዳውም የአቅመ ደካሞችን መዋጮ በጊዜው ሲያስገባ የሚከፍለው ስለ ድሃው ብቻ አይደለም፤ ነገ ማንም ታሞ ለሚገባበት ሆስፒታል ጭምር ነው።