ወረርሽኝ ሲመጣ የዎርዝንግተን ሰው አደጋውን በምን ይለካል?

ዎርዝንግተን የሚኖሩ ከሆነ በመጀመሪያ የትኛው ጤና ቢሮ እንደሚመለከትዎት ይወቁ። ከተማዋ ያለችው በኦሃዮ፣ ፍራንክሊን ካውንቲ ውስጥ ነው። የጤና ጉዳይዋን የያዘው ግን ፓርሰንስ አቬኑ ላይ ያለው የኮሎምበስ የሕዝብ ጤና ቢሮ ነው።

አደጋው በኮቪድ ጊዜ እንዴት ይለካ ነበር? ኦሃዮ ከጁላይ 2020 ጀምሮ ካውንቲዎቿን በአራት ቀለም ትለይ ነበር፤ ከቀላሉ ወደ ከባዱ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ቀይና ሐምራዊ። ቀለሙን የሚወስኑት ሰባት መለኪያዎች ነበሩ። አዲስ የተያዙት ብዛት፣ ሐኪም ቤት የሚሄዱትና የሚተኙት መጨመር፣ የጽኑ ሕሙማን አልጋ መሙላት ከእነዚህ ውስጥ ናቸው። ቢያንስ ስድስቱ ከልክ ካለፉ ሐምራዊ ይሆን ነበር። ፍራንክሊን ኖቬምበር 19 ቀን 2020 ከሌሎቹ ሁሉ ቀድሞ እዚያ ደረሰ።

«ከልክ ማለፍ» ስንት ነው? ለአዲስ ሕመምተኞች ልኩ በሁለት ሳምንት ከ100,000 ሰው 50 ነበር። 15,000 ገደማ ሕዝብ ላላት ዎርዝንግተን ሲሰላ ሰባት ወይም ስምንት ሰው ማለት ነው። ያውም የተመረመረው ብቻ ተቆጥሮ።

ታዲያ ቀለሙ ስለ ቤቴ ምን ይነግረኝ ነበር? ብዙም አይነግርዎትም ነበር። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ስንት ሰው ይመጣል? ስንት ሰዓት ይቀመጣል? መስኮት ይከፈታል? በጃንዋሪ ብርድ፣ ሁሉ ተዘግቶ፣ ሠላሳ ሰው ለቅሶ የተቀመጠበት ሳሎን ካውንቲው ቢጫ ቢሆንም ያሰጋል።

መስኮት መክፈት ካልተቻለ አየሩን ማጣራት ይቻላል። «መርቭ 13» የተባለ የኤሲ ፊልተር አራት ይግዙ። ቁጥሩ የሚያመለክተው ምን ያህል ደቃቅ ብናኝ እንደሚይዝ ነው። አራቱን እንደ ሳጥን ግድግዳ አቁመው በቴፕ ያያይዙ። ሥሩን በካርቶን ይድፈኑ። አራት ማዕዘን ፋን ከላይ አስቀምጠው ወደ ላይ ያስነፍሱ። ወጪው ሁሉ ከመቶ ዶላር ብዙ አይርቅም፤ ፊልተሩም ለወራት ያገለግላል። ቡና የሚቆላበትና እጣን የሚጨስበት ቤት ውስጥ ግን ቶሎ ይጠቁራል፣ ቀድመው ይቀይሩ።

ዛሬስ? የቀለሙ ካርታ ቀርቷል። አብዛኛው ሰውም ቤቱ ስለሚመረመር የሕመምተኛው ቁጥር አያስተማምንም። የተሻለው ምልክት የፍሳሽ ምርመራ ነው። በቫይረሱ የተያዘ ሰው ሳል ሳይጀምረው ቫይረሱን ከሰገራው ጋር ሊያስወጣ ይችላል። ስለዚህ በፍሳሹ ውስጥ መጠኑ ሲጨምር ሐኪም ቤት ከመጨናነቁ ጥቂት ቀን ይቀድማል። ውጤቱን ለማየት አይከፈልም። የክትባት ክፍያ ግን እንደ ኢንሹራንስዎ ይለያያል፤ ከመሄድዎ በፊት ደውለው ዋጋውን ይጠይቁ።