ፀሐይ በሞላበት አገር የሕፃናት ዐጥንት ስለ ምን ይለፈሰፍሳል?

እግሩ የጐበጠና የእጁ አንጓ ያበጠ ሕፃን በከተሞቻችን የሕክምና ቤቶች እንግዳ አይደለም። በሽታው ሪኬትስ ይባላል። ፀሐይ በማይታጣበት አገራችን መገኘቱ የሚያስደንቅ ስለ ሆነ፣ ምክንያቱን ለአንባብያን መግለጽ ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በሰውነታችን ካለው ካልሲየም ከ100 እጅ 99ኙ በዐጥንትና በጥርስ ውስጥ ይገኛል። የቀረው 1 እጅ ግን የልብን ምትና የጡንቻን እንቅስቃሴ ስለሚመራ፣ ሰውነት በብርቱ ይጠብቀዋል። ስለዚህ ዐጥንት እንደ ጎተራ ነው። በደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ባነሰ ጊዜ፣ በአንገት ውስጥ የሚገኙ 4 ጥቃቅን ዕጢዎች ከጎተራው እንዲወጣ ያደርጋሉ፤ በዚያውም ፎስፈረስ የተባለው ማዕድን በሽንት ይባክናል። ሁለቱ ማዕድኖች አብረው ካልተገኙ፣ በማደግ ላይ ያለው የዐጥንት ጫፍ ሊጠነክር አይችልም፤ ለጋ እንደ ሆነም በሰውነት ክብደት ይጐብጣል።

ካልሲየም በወተት፣ በጎመን፣ በጤፍም ይገኛል። ነገር ግን ቪታሚን ዲ ከሌለ አንጀት ከሚበላው ካልሲየም ከ100 እጅ ከ10 እስከ 15 እጅ ብቻ ይወስዳል፤ ቪታሚኑ ሲኖር ከ30 እስከ 40 እጅ ይደርሳል። ይህ ቪታሚን በእናት ጡት ወተት ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛውን የሚሠራው ፀሐይ ያረፈበት ቆዳ ነው። በ1919 እ.ኤ.አ. ኩርት ሁልድሺንስኪ የተባለ ሐኪም በበርሊን ከተማ፣ የፀሐይን የማይታይ ጨረር በሚመስል መብራት የታመሙ ሕፃናትን ፈውሷል። አንዱን ክንድ ብቻ ቢያበራበት የሌላውም ክንድ ዐጥንት ስለ ዳነ፣ መድኀኒቱ ከቆዳ ተነሥቶ በደም የሚዞር መሆኑ ታወቀ።

እንግዲህ በኛ አገር የጐደለው ፀሐይ ሳይሆን፣ ፀሐይና ሕፃን መገናኘታቸው ነው። እናት ቡዳ እንዳይበላው፣ ምችና ብርድ እንዳይመታው ስትል ልጅዋን ጠቅልላ በቤት ታኖረዋለች። ይህም ከፍቅር የመጣ እንጂ ከቸልታ አይደለም። ሆኖም ጨረሩ በልብስም በመስኮት መስታወትም አያልፍም።

ጕዳቱ በእግር መጕበጥ ብቻ አያበቃም። የጎድን ዐጥንት ሲለሰልስና ጡንቻ ሲደክም፣ ሕፃኑ በሚገባ መተንፈስና አክታውን መሳል ይቸግረዋል። በ1997 እ.ኤ.አ. በታተመ የአዲስ አበባ ጥናት፣ የሳንባ ምች ከያዛቸው 5 ዓመት ያልሞላቸው ሕፃናት መካከል ከ100 እጅ 42ቱ ሪኬትስ ነበረባቸው፤ የሳንባ ምች ከሌለባቸው መካከል ግን 4 እጅ ብቻ። ምች እንዳይመታው የተሸሸገው ሕፃን ለሳንባ ምች ተላልፎ ይሰጣል ማለት ነው።

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፤ እርግብግቢቱ ሳይገጥም ይቈያል፤ ጥርስ ማብቀልና መሄድ ይዘገያል፤ የእጅ አንጓ ይሰፋል፤ በደረቱ ግራና ቀኝ እንደ መቍጠሪያ ፍሬ የተደረደረ እብጠት ይታያል። አንዳንዱንም ካልሲየም ከደሙ በማነሱ ያንቀጠቅጠዋል፤ ይህ ሲሆን ሳይውል ሳያድር ወደ ሐኪም መውሰድ ያስፈልጋል።

መከላከያው ቀላል ነው። ሕፃኑን በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ፣ የቀትር ሐሩር ሳይበረታ፣ ገላውን ገልጦ ከቤት ውጭ ፀሐይ ማሞቅ ነው። ከ6 ወር በኋላም ከጡት ጋር ዕንቍላልና ወተት የተጨመረበት ምግብ ይሰጠው። የጐበጠውን እግር ወጌሻ ቢያሸው አይድንም፤ የለሰለሰ ዐጥንት ሊሰበርም ይችላል። ቪታሚን ዲም ከመጠን ካለፈ ኩላሊትን ስለሚጐዳ፣ ሐኪም ከወሰነው በላይ መስጠት አይገባም። በዚህ ሕክምና የማይሻለው ልጅ ቢኖር፣ ኩላሊቱ በውርስ ምክንያት ፎስፈረስን የሚያባክን ሊሆን ስለሚችል ምርመራ ያሻዋል።

መምህራን ሆይ፣ ተማሪዎቻችሁ በየቤታቸው ታናናሽ ወንድሞችና እኅቶች አሏቸው። ዛሬ በክፍል የምታስተምሩት ቃል ማታ ከእናቶች ጆሮ ይደርሳልና፣ ፀሐይ የሕፃን ጠላት አለመሆኗን እንድትነግሩልን እናሳስባለን።