ያለ ዘይት የሚጠብሰው ማሽን ለምን ይጨሳል?

በዛሬው የጤናና የአመጋገብ ዓምዳችን የምንመለከተው ኤር ፍራየር ስለሚባለው በአየር የሚጠብስ ማሽን፣ በተለይም በውስጡ የሚጠራቀመው ቅባት እንዴት እንደሚጸዳ ነው። «ዕቃ ማጠብን ከጤና ዓምድ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ማሽኑን ወደ ቤት ያስገባነው ለጤናችን ብለን ከሆነ ግን በሆዱ ውስጥ የከረመው ቅባትም የጤና ጉዳይ መሆኑ አይቀርም።

ይህ ማሽን በስፋት መታወቅ የጀመረው ፊሊፕስ የተባለው የኔዘርላንድ ኩባንያ በ2010 እ.ኤ.አ. በበርሊን ኤግዚቢሽን ላይ ካስተዋወቀው ወዲህ ነው። ዛሬ በዓረብ አገር የሚሠሩ እህቶቻችንና ወንድሞቻችን ለወላጆቻቸው ከሚልኳቸው ዕቃዎች አንዱ ሆኗል። ስኳር ወይም ደም ግፊት ያለበት ሰው በሚኖርበት ቤት የረመዳንን ሳንቡሳ ዘይት ውስጥ ሳይነክሩ ማብሰል መቻል ትልቅ እፎይታ ነው። በመጥበሻ ሲጠበስ ዘይት የሚጠጣው ሳንቡሳ፣ በዚህ ማሽን ሲሆን ላዩን በብሩሽ ትንሽ ዘይት ቢቀባ ይበቃዋል።

ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ሻጩ «ያለ ዘይት ይሠራል» ስላለ ብዙ ሰው «እንግዲያው ብዙም መታጠብ አያስፈልገውም» ብሎ ይደመድማል። ቅርጫቱን በውሃ ለቅለቅ አድርጎ ይመልሰዋል። ረመዳን ከተጋመሰ በኋላ ታዲያ የመግሪብ አዛን ሊባል ጥቂት ሲቀረው ቤቱ በጭስ ይታፈናል፤ ሳንቡሳው የቆየ ዘይት ይሸታል፤ አስም ያለበት ልጅ ካለ ማሳል ይጀምራል። «ማሽኑ ተበላሽቷል» ተብሎ አንድ ጥግ ይጣላል ወይም ለጥገና ይላካል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ማሽኑ ቆሸሸ እንጂ አልተበላሸም።

ጭሱ ከየት ይመጣል?

የማሽኑ ውስጣዊ አሠራር ቀላል ነው። በጣሪያው በኩል እንደ ኤሌክትሪክ ምድጃ የሚግል የተጠማዘዘ ማሞቂያ አለ፤ ከማሞቂያው በላይ ፋን አለ። ፋኑ ትኩሱን አየር በኃይል ያሽከረክረዋል፤ አየሩ ቀዳዳ ባለው ቅርጫት ውስጥ የተቀመጠውን ምግብ ዙሪያውን እየመታ ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣል። ከምግቡ የሚወርደው ቅባት በቀዳዳዎቹ አልፎ ከሥር ባለው መሳቢያ ውስጥ ይጠራቀማል። ይህን ሁሉም ሰው ያየዋል፤ ያጥበዋልም። የማይታየው ሌላኛው ነው። ቅባቱ ሲንጣጣ የሚረጨውን ጥቃቅን ጠብታ አየሩ ተሸክሞ ወደ ላይ ይወስድና ማሞቂያውና ጣሪያው ላይ ይለጥፈዋል። በማግስቱ ማሽኑ ሲበራ ከሳንቡሳው በፊት የሚጠበሰው ይህ የትናንት ቅባት ነው።

ያለ ዘይት ማለት ያለ ቅባት ማለት እንዳልሆነም ልብ ይሏል። ቆዳው ያልተገፈፈ ዶሮ ወይም የበግ ጎድን አንድ ጊዜ ተጠብሶ ሲያበቃ መሳቢያው ውስጥ የሚተወውን ስብ ያየ ሰው ይህን ለመቀበል አይቸገርም።

ዘይትና ስብ ሲግሉና ከአየር ጋር ሲገናኙ ጠባያቸው ይለወጣል። መጀመሪያ ሽታቸውና ጣዕማቸው ይበላሻል። በተደጋጋሚ ሲግሉ ደግሞ ጥቃቅን ክፍሎቻቸው እርስ በርስ እየተያያዙ እንደ ቫርኒሽ ያለ ቡናማ ሽፋን ይሆናሉ፤ ሽፋኑ መጀመሪያ ያጣብቃል፣ በኋላ ይደርቃል። በሳሙና ብቻ አልለቅ የሚለው እድፍ ይኸው ነው። የዕለቱ ቅባት በሞቀ ውሃና በላርጎ በአምስት ደቂቃ ይለቃል። አሥር ጊዜ የጋለው ግን ዘይትነቱ ቀርቶ ቀለም ሆኗል ማለት ይቻላል፤ እሱን ለማስለቀቅ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

የቅባት ጭስ ዓይንን፣ ጉሮሮንና ሳንባን ይቆጠቁጣል፤ የአስም ሕመምንም ሊቀሰቅስ ይችላል። ምግብ ማብሰያውና መኖሪያው አንድ ክፍል በሆነበት ቤት ጭሱን የሚተነፍሰው አብሳይዋ ብቻ ሳትሆን መላው ቤተሰብ ነው። በቅርጫቱ ሥር የሚቀረው ፍርፋሪም በየቀኑ እንደገና እያረረ ከሰል ይሆናል። በ2002 እ.ኤ.አ. የስዊድን ተመራማሪዎች ድንችን የመሰሉ ስታርች ያላቸው ምግቦች ከ120 ዲግሪ በላይ ሲጠበሱ ወይም ሲጋገሩ አክሪላማይድ የተባለ ንጥረ ነገር እንደሚፈጠርባቸው ይፋ አድርገዋል፤ ይህ ንጥረ ነገር በእንስሳት ላይ በተደረገ ምርመራ ካንሰር ማምጣቱ የታወቀ ነው። በመሆኑም ድንቹን ከመጥበስ በፊት ቆራርጦ ውሃ ውስጥ ማቆየት፣ ወርቃማ ሲሆን ማውጣት፣ ሳይጠቁር ማንሳት ይገባል። ያረረውን ፍርፋሪ ለነገ ምግብ ማቆየት ደግሞ ምንም ምክንያት የለውም።

የየዕለቱ አጠባ

ማሽኑን ካጠፉ በኋላ ስፒናውን ከሶኬት ይንቀሉ። ሃያ ወይም ሠላሳ ደቂቃ ይብረድ። እንደጋለ ቀዝቃዛ ውሃ ቢያፈሱበት ብረቱ ሊጣመምና የማያጣብቀው ሽፋን ሊላቀቅ ይችላል። ለሊቱን ሙሉ ማሳደርም አይመከርም፤ ስቡ ይረጋና ሥራው እጥፍ ይሆናል። ለብ እንዳለ መጀመር ጥሩ ነው።

በመሳቢያው የተጠራቀመውን ስብ ወደ ዕቃ ማጠቢያው ገንዳ አይድፉት፤ ቱቦው ውስጥ ረግቶ ይዘጋብዎታል። ባዶ ጣሳ ውስጥ ይገልብጡና የቀረውን በሶፍት ይጥረጉ። ከዚያም መሳቢያውን በሙቅ ውሃ ሞልተው ጥቂት ላርጎ ጠብ ያድርጉበት፤ ቅርጫቱን እዚያው ውስጥ ያስቀምጡ። በረመዳን ከኢፍጣር በኋላ እንዲህ ተዘፍዝፎ ቢቆይ ተራዊህ ተሰግዶ እስኪመለስ ድረስ አብዛኛው እድፍ ራሱ ለቆ ይጠብቃል። ከተራዊህ የተመለሱት ወንዶች አጠባውን ቢጨርሱት የሚጎዱ አይመስለኝም። እናት ከዐሱር ጀምራ ቆማ ነው የዋለችው።

ሲያጥቡ የስፖንጁን ለስላሳ ጎን ይጠቀሙ። በቅርጫቱ ቀዳዳዎች ውስጥ የገባውን አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያወጣዋል። የብረት ሽቦ ግን እንዳይነካው! ሽቦው የማያጣብቀውን ሽፋን ይፍቀዋል፤ አንድ ጊዜ የተፋቀ ቦታ ደግሞ ምግብ ይይዛል፣ ያራል፣ ይበልጥ መፈግፈግ ይፈልጋል፣ እየሰፋም ይሄዳል። በውጭ አገር የምትኖሩና ዕቃ ማጠቢያ ማሽን ያላችሁ አንባቢያንም፣ መመሪያው ቢፈቅድ እንኳ የማሽኑ ብርቱ ሳሙና ሽፋኑን በጊዜ ብዛት ስለሚያደክመው በእጅ ማጠቡ ይሻላል።

ቅባቱ የከረመ ከሆነስ?

በዚህ ጊዜ የሚረዳን በየሱቁ ለኬክና ለዳቦ የሚሸጠው ቤኪንግ ሶዳ ነው። ሦስት ማንኪያ ሶዳ በአንድ ማንኪያ ውሃ ለውሰው እንደ ሊጥ ሲሆን እድፉ ላይ ይቀቡት፤ ግማሽ ሰዓት ያህል ይቆይ፤ ከዚያ በለስላሳ ብሩሽ እያሹ በሙቅ ውሃ ያለቅልቁት። ሶዳው ቅባቱን ያላላዋል፤ ደቃቅ ዱቄቱም ሽፋኑን ሳይጎዳ ይፈትገዋል። አንድ ጊዜ ካልበቃ ይድገሙት እንጂ ጉልበት አይጨምሩ። ለሳሙና መሥሪያ የሚሸጠው ኮስቲክ ሶዳ ግን ፈጽሞ ሌላ ነገር ነው። ቆዳ ያቃጥላል፣ አሉሚኒየም ይበላል። ስማቸው ስለተቀራረበ ልጅ ወደ ሱቅ ሲልኩ በደንብ ነግረው ይላኩ።

ሶዳና አቼቶ ቀላቅሎ አረፋውን ማየት ብዙ ሰው የሚወደው ዘዴ ነው። አረፋው ዓይን ይስባል፤ ነገር ግን ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋዋልና የሚተርፈው ጨዋማ ውሃ ብቻ ነው። ሶዳውን ለቅባቱ ይጠቀሙ፤ በደንብ ካለቀለቁት በኋላ ሽታ ከቀረው በአቼቶ የረጠበ ጨርቅ ያሹት። በረኪና ግን በዚህ ሥራ ቦታ የለውም። በረኪናና አቼቶ ከተደባለቁ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ ይወጣል፤ በጠባብ ወጥ ቤት ውስጥ ሰው ሊጥል ይችላል።

በውጭ አገር ከማያውቁት ሰው ያገለገለ ማሽን ገዝተው ከሆነ፣ የአሳማ ሥጋ ተጠብሶበት ሊሆን ስለሚችል ከቅርጫቱ አልፎ ማሞቂያውና ጣሪያው ላይ ያለውን የሌላ ቤት ቅባት ሳያጸዱ አይጠቀሙበት። ከሃይማኖት አንጻር ጥያቄ ካለዎት የአካባቢዎን ኡስታዝ ይጠይቁ።

ጣሪያውና ማሞቂያው

የጭሱ ዋና ምንጭ ይህ ሆኖ ሳለ ከሁሉም የሚረሳው ይኸው ነው። ማሽኑ ፈጽሞ መቀዝቀዙንና ስፒናው መነቀሉን ያረጋግጡ። መሳቢያውን አውጥተው ማሽኑን በለስላሳ ፎጣ ላይ ይገልብጡት፤ አሁን ማሞቂያው ፊት ለፊትዎ ነው። በሙቅ ውሃና በጥቂት ላርጎ የተነከረ፣ በደንብ የተጨመቀ ጨርቅ ይዘው ይጥረጉት፤ ጨርቅ የማይደርስበትን በጥርስ ብሩሽ ይድረሱበት። ሳሙና ያለው ውሃ በቀጥታ አይርጩበት፤ የሚረጩት ጨርቁ ላይ ነው። እዚህም የብረት ሽቦ ክልክል ነው፤ ብጥስጣሹ ወደ ውስጥ ገብቶ የኤሌክትሪክ መስመር ሊያገናኝ ይችላል። በመጨረሻ ሳሙናውን በንጹህ እርጥብ ጨርቅ ያንሱና ማሽኑን እንደተገለበጠ ለብዙ ሰዓታት፣ ቢቻል አሳድረው ያድርቁት። ሲደርቅ አቅንተው፣ ምግብ ሳይጨምሩ በ180 ዲግሪ አምስት ደቂቃ ያስሠሩት። መስኮት ይከፈት፤ መጀመሪያ ትንሽ ቢሸት አይደንግጡ።

የማሽኑን ዋና አካል ውሃ ውስጥ መንከር ወይም ቧንቧ ሥር ማስገባት ፈጽሞ አይቻልም። በየቀኑ የሚጠበስበት ከሆነ ማሞቂያውን በየሳምንቱ፣ አልፎ አልፎ ከሆነ በወር አንድ ጊዜ ማጽዳት በቂ ነው።

እንዳይቆሽሽ

በቆርቆሮ ታሽጎ የሚረጨውን ዘይት ይተውት። ውስጡ ያለው ሌሲቲን የተባለ ነገር ሽፋኑ ላይ እንደ ሙጫ ይጋገራል፤ ተራውን የምግብ ዘይት በብሩሽ መቀባት ይሻላል። ስብ የበዛበት ሥጋ ሲጠብሱ የማሽኑ መመሪያ ካልከለከለ ከቅርጫቱ ሥር መሳቢያው ውስጥ ጥቂት ማንኪያ ውሃ ቢጨምሩ የሚንጠባጠበው ስብ ከጋለ ብረት ጋር ሳይገናኝ ስለሚቀዘቅዝ ጭሱ ይቀንሳል። ወረቀት የሚያነጥፉ ከሆነም ምግብ ሳይጫንበት ማሽኑን አያብሩ፤ ፋኑ ወረቀቱን አንስቶ ማሞቂያው ላይ ይለጥፈዋል።

ነጭ ጭስ ቅባት ነው፤ ያጥፉት፣ ያጽዱት። ጥቁር ጭስ ወይም የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ከሆነ ግን ወዲያው ስፒናውን ነቅለው ባለሙያ ያሳዩ። መሳቢያው ውስጥ እሳት ከተነሳ አይክፈቱት፤ ሲከፍቱት አየር ያገኛል። ዘግተው ኤሌክትሪኩን ያቋርጡ፣ ውሃም አይድፉበት። ማሽኑ ወደ 1500 ዋት ገደማ ስለሚጎትት ከምጣድ ጋር በአንድ ዲቫይደር ላይ አይሰኩት። ከአሜሪካ የመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የ120 ቮልት ስለሆነ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ 220 ላይ ከተሰካ ማጽዳት ሳይደርስ ይቃጠላል።

ስለ ሽፋኑ መላላጥ ብዙዎች ይጨነቃሉ። ቴፍሎን የተባለው ሽፋን መበስበስ የሚጀምረው ከ260 ዲግሪ በላይ ሲግል ነው፤ አብዛኛው ኤር ፍራየር ደግሞ 200 ዲግሪ አካባቢ ያበቃል። ተልጦ የተዋጠ ቅንጣትም በሰውነት ውስጥ ሳይዋሃድ ይወጣል። ቀድሞ በአመራረቱ ይገባ የነበረውን ፒ.ኤፍ.ኦ.ኤ. የተባለ ጎጂ ኬሚካል የአሜሪካ ታላላቅ አምራቾች እስከ 2015 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አስወግደውታል። ቢሆንም የተላላጠ ቅርጫት ምግብ ይይዛል፣ ሥሩ ይዝጋል። ማሽኑን በሙሉ ከመጣልዎ በፊት ቅርጫቱን ብቻ መተካት እንደሚቻል ይጠይቁ፤ ለዚህ የሚያስፈልገው የሞዴል ቁጥር ማሽኑ ሥር ወይም ጀርባው ላይ በተለጠፈው ወረቀት ተጽፏል። ቅባት ሳይሸፍነው ቢገለብጡት ይመረጣል።