የአያት አትላስ ወይስ የኪራይ ቬሎ?

ህንድን ለማየት የግድ ቦምቤይ አይኬድም፤ ጀጎልም አለች። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የህንድ ነጋዴዎች የሠሯቸው ባለ እንጨት በረንዳ ቤቶች ዛሬም ቆመዋል። ሳንቡሳውም የሳሞሳ ዘመድ ነው። ነጋዴ ከባህር ማዶ ያመጣው አትላስ የሚባለው ሐር ደግሞ የሐረሪ ሴት የክት ልብስ ሆኖ ቀርቷል። ከሥሩ ገናፊ የሚሉት ሱሪ አለ። ያገባች ፀጉሯን ለሁለት ጠቅልላ ጉፍታ ታጠልቅበታለች።

በስፌት መኪና ጩኸት ስሙን ባገኘው መኪና ግርግር መንገድ አንዲት ልጅ አገኘሁ። ሠርጓ ደርሷል። እጮኛዋ «ቬሎ እንከራይ» ይላል፤ እናቷ የአያቷን አትላስ ከሳጥን አውጥተዋል። «ሁለቱንም ማስቀየም አልፈልግም፤ ምን ይሻለኛል?» አለችኝ።

እኔ የምለው ይሄ ነው፦ ቬሎው በማግስቱ ይመለሳል፤ ብሩ ግን አይመለስም። አትላሱ ለልጅሽም ይደርሳል። ሰፊው እዚሁ ደጅሽ ነው፤ በልክሽ አስጠብቢውና ለብሰሽ ለእጮኛሽ አሳዪው። ስንቱ ወንድ ያላየውን ነው እምቢ የሚለው! አይቶም ካልወደደው ያኔ ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ። ትዳር ማለት ይኸው አይደል? የቬሎው ብር ለጎጆ መውጫ ይሁን።

እናንተስ ምን ትመክሯታላችሁ?