ጥላሸት የለበሰው ፋኖስ፦ ከመጠን ያለፈ ውፍረትና የአንጎል ማይቶኮንድሪያ

ማታ በፋኖስ ብርሃን ያጠና ተማሪ አንድ ነገር ያውቃል። ክሩ ከልክ በላይ ሲሳብ ብርሃኑ አይጨምርም፤ ነበልባሉ ይጨስና ብርጭቆው ጥላሸት ይለብሳል። ነዳጅ በዝቶ ብርሃን የሚያንስበት እንዲህ ያለ ሁኔታ በአንጎል ውስጥም ሊከሠት እንደሚችል በዚህ ጽሑፍ ለማስረዳት እንሞክራለን።

እንደሚታወቀው አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ያህሉን ብቻ ይዞ፣ ሰውነት በዕረፍት ላይ ሳለ ከሚጠቀምበት ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። ይህም ወደ 20 ዋት ይጠጋል። ኃይሉን በአብዛኛው የሚያመነጩት ማይቶኮንድሪያ የተባሉት ጥቃቅን የሕዋስ ክፍሎች ናቸው። እንግሊዛዊው ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበውና በ1978 የኖቤል ሽልማት ባስገኘለት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ ከምግብ የተገኙ ኤሌክትሮኖች ወደ ኦክስጅን ሲጓዙ በሚለቁት ኃይል ፕሮቶኖች ከማይቶኮንድሪያው የውስጥ ሽፋን ወዲያ ማዶ ይገፋሉ፤ ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡም ኤ.ቲ.ፒ. የተባለው የሕዋስ ነዳጅ ይሠራል። በሽፋኑ ግራና ቀኝ ያለው የቮልቴጅ ልዩነት 150 ሚሊቮልት ያህል ነው። ይህ ኢምንት ይመስላል። ዳሩ ግን ሽፋኑ 5 ናኖሜትር ያህል ብቻ ስለሚወፍር፣ ቮልቴጁን ለውፍረቱ ስናካፍል የኤሌክትሪክ መስኩ በሜትር 30 ሚሊዮን ቮልት ይሆናል፤ ደረቅ አየር ብልጭታ ከሚያስተላልፍበት መስክ 10 እጥፍ ማለት ነው።

ታዲያ ነዳጁ ሲበዛ ምን ይሆናል? ሕዋሱ የሚፈልገው ኤ.ቲ.ፒ. ሳይጨምር ነዳጅ በገፍ ቢቀርብለት መስኩ ይጠነክራል፤ ፕሮቶኖችን መግፋትም ይከብዳል። ኤሌክትሮኖቹ መንገድ እንደ ተዘጋባቸው መኪናዎች ይከማቻሉ። ጥቂቶቹም ከመስመራቸው ወጥተው ወደ ኦክስጅን በመዝለል ሱፐርኦክሳይድ የተባለ ጎጂ ሞለኪውል ይፈጥራሉ። የፋኖሱ ጥላሸት ይህ ነው።

ነገሩ ይበልጥ የሚያሳስበው ሃይፖታላመስ በተባለው የአንጎል ክፍል ነው። ረሃብንና ጥጋብን የሚመዝነው እርሱ ነውና። እ.ኤ.አ. በ1994 የታወቀው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ከስብ ሕዋሳት ተነሥቶ «በቅቶናል» የሚል መልእክት ያደርስለታል። እ.ኤ.አ. በ2013 በባርሴሎና የሚሠሩ ተመራማሪዎች ባሳተሙት ጥናት፣ ስብ የበዛበት ምግብ በተመገቡ አይጦች የጥጋብ ነርቭ ሕዋሳት ውስጥ፣ ማይቶኮንድሪያ ኢንዶፕላዝሚክ ሬቲኩለም ከተባለው ጎረቤታቸው ጋር ያላቸው ንክኪ መቀነሱን ገልጸዋል። ንክኪውን የሚያስጠብቀውን ሚቶፊዩዚን 2 የተባለ ፕሮቲን ከእነዚሁ ሕዋሳት ሲያስወግዱም አይጦቹ የሌፕቲንን መልእክት መስማት ተሳናቸው፤ አብዝተው በሉ፤ ወፈሩም።

በእርግጥ አይጥ ሰው አይደለችምና ውጤቱን እንዳለ ወደ ሰው ማዛወር አይገባም። ሆኖም አንድ ቁም ነገር እንገነዘባለን፤ ሚዛኑ ራሱ በሚመዝነው ነገር ብዛት ሊበላሽ ይችላል። ስለዚህ የወፈረን ሰው «ሆዳም» ብለን ከመፍረዳችን በፊት፣ «በቃኝ» ማለት የፈቃድ ብቻ ሳይሆን የፕሮቶንና የኤሌክትሮንም ጉዳይ መሆኑን እናስብ። ለራሳችን ግን ብርጭቆው ጨርሶ ሳይጠቁር ክሩን ዝቅ ማድረግ ይበጀናል።